ያጠፋሁት ካሴት፦ ጊታር ለያዛችሁ ልጆች

ባለፈው ሰሞን የአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ልጅ ደብረ ብርሃን ቤቴ ድረስ መጥታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አንድ አልበም አሰማችኝ። እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ጄፍ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው፣ ዘፋኝ የሌለበት፣ ዘጠኝ ሥራዎች ያሉት አልበም ነው። አዘጋጁ ቢትልሶችን ያስቀረጸው ጆርጅ ማርቲን ነበር። ፈንክ አለበት። የቢትልሶች ዘፈን ወደ ሬጌ ተጠግቶ ይመጣል። ጣት ተከትሎ የማይደርስበት ፈጣን ጃዝ ይቀጥላል። ከዚያ ስቲቪ ዎንደር የደረሰው ዝግ ያለ ዜማ ሲገባ ጊታሩ እንደ ሰው ያለቅሳል።

«ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር በዚህ አልበም ስንከራከር ሰነበትን» አለችኝ። «አንዱ ፈጣኖቹ ብቻ ይበቁ ነበር ይላል። አንዷ ከዝግተኛው በቀር ሌላውን አትሰማም። ሌላው ደግሞ ሰውየው አልተረጋጋም፣ ምን መሆን እንደሚፈልግ አልወሰነም አለ። እኔም የራሴን ልቀርጽ ነው። አንዱን ስልት ልያዝ ወይስ የምችለውን ሁሉ ላስገባ?»

መልስ አልሰጠኋትም። ቡናው እስኪቀዳ እንኳ መቀመጥ አቃተኝ። «አልተረጋጋም» የሚለውን ቃል ከአርባ ዓመት በፊት እኔው ራሴ ተናግሬው ነበርና።

ጊዜው የ1978 ዓ.ም. ክረምት ነው። የሙዚቃ መምህር ነበርኩ፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎን የኪነት ቡድን አሠለጥናለሁ። ደብረ ብርሃን ያኔ የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ዋና ከተማ ናት። ከመንዝ ለትምህርት የመጣ አንድ ልጅ የቡድኑን ቦክስ ጊታር ይዞ ነበር። ዝምተኛ ነው። እጁ ግን እስከ ዛሬ ካየኋቸው እጆች ሁሉ የተለየ ነበር። አንድ ጊዜ ለዝግጅት ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ጣርማ በር ላይ ጉም ውጦን መኪናው ቆመ። ደብረ ሲና ስንደርስ ሁላችንም ቆሎ ልንገዛ ወረድን፤ እሱ መኪናው ውስጥ ቀርቶ ክሮቹን እያዳመጠ ነበር። ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር፣ ክሮቹ ይላላሉ፤ ድምፃቸውም ይወርዳል። እሱ በየተራው ያጠብቃል። «ጋሼ፣ አገሩ ራሱ ቅኝቱን ይለውጠዋል» አለኝ። ይህን ያለኝ የ18 ዓመት ልጅ ነው።

በዚያ ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ፣ አንድ ካሴት አመጣልኝ። የ60 ደቂቃ ካሴት ነው፤ በአንደኛው ገጽ ብቻ ስምንት ሥራዎች ቀርጾበታል። ሌሊት ሌሊት፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ በተውሶ ቴፕ የቀረጸው ነው። እንዳይጠፋበት ከካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሿን የፕላስቲክ ጥርስ ሰብሯታል። በካሴት ዘመን ያልኖራችሁ ልጆች ይህን አታውቁትም፤ ያቺ ጥርስ ከተሰበረች ቴፑ በላዩ ላይ አይቀርጽም። «ሰዎች ሰምተው የሚሉትን ይንገሩኝ» ብሎ ሰጠኝ።

አንድ ማታ አራት ሰዎች ቤቴ ተሰበሰቡ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከሰሉ ተቀጣጥሏል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ መምህር ነው። አንዱ በደሴ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አንዷ አረቄ የሚሸጡ ጎረቤቴ ናቸው። አንዱ ደግሞ በገና የሚደረድሩ አዛውንት ነበሩ።

ካሴቱ በትዝታ ቅኝት ይጀምራል። ሁለተኛው አምባሰል ነው። ሦስተኛው ድንገት ወደ ሱዳን ምት ዞረ፤ ሾፌሩ እግሩን መምታት ጀመረ። አራተኛው ከሬዲዮ ሰምቶ የተማረው ብሉዝ ነው። ከዚያ ባቲ፣ ከዚያ ዋልትዝ የሚመስል ነገር፣ ከዚያ አንቺሆዬ መጣ። የመጨረሻው ስምንተኛው ነው፤ ያ ሲጀምር ማንኛችንም ጊታር መሆኑን አላመንንም። ክሮቹ ከሚያርፉበት እንጨት ላይ፣ ከክሮቹ ሥር ቁርጥራጭ ቆዳ ሰክቶ ነበር። በበገና ላይ እንዝራ እንደሚባለው መሆኑ ነው። ወፍራሞቹ ክሮች እየነዘሩ ያንጎራጉራሉ።

ሲያልቅ ሾፌሩ «ሦስተኛውን ቅዳልኝ፣ እንቅልፍ ያባርርልኛል» አለ። ጎረቤቴ ደግሞ «ይህ ልጅ ማን ሞቶበታል?» ብለው ጠየቁ። የቱን ሰምተው እንደሆነ ብጠይቃቸው «ሁሉም ውስጥ አለ፣ በጨፈረበትም ውስጥ አለ» አሉኝ። ባለ በገናው አዛውንት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። መጀመሪያ ቅር ብሏቸዋል፤ የጸሎት ድምፅ ነው፣ በምን ደፈረ አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን «እስኪ መልሰው» አሉኝ። ሁለት ጊዜ አስመለሱኝ። ባልደረባዬ ግን «ሁሉን ነካካ፣ አንዱንም አልያዘ» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

በማግስቱ ልጁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ በዝናብ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«አልተረጋጋም አሉ። አንዱን ያዝ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም» አልኩት።

ዋሸሁ። የአራት ሰው አስተያየት በአደራ ተቀብዬ የአንዱን ብቻ ሰጠሁት፤ ያም የራሴ ሐሳብ ስለነበረ ነው። የሾፌሩን እግር አልነገርኩትም። ጎረቤቴ የጠየቁትን ጥያቄ አልነገርኩትም። አዛውንቱ ሁለት ጊዜ እንዳስመለሱት አልነገርኩትም። ያን ጊዜ የመሰለኝ መምህር ማለት ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው ነው። ካሴቱን ልመልስለት እጄን ስዘረጋ «እርስዎ ዘንድ ይቆይ» ብሎኝ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመስከረም 2 የአብዮት በዓል የምናቀርበው መዝሙር ከሬዲዮ መቀዳት ነበረበት። ከተማው ውስጥ ባዶ ካሴት ጠፋ። ልምምዱ ቸኩሏል። ያቺ የተሰበረች ጥርስ የተወችውን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍኜ በላዩ ላይ ቀዳሁ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። የፕላስተሩን ጫፍ በጥርሴ ስቆርጥ ትዝ ይለኛል።

ልጁ ምክሬን ሰማ። ለሁለት ዓመት ከትዝታ በቀር ሌላ አልነካም። ጥርት ብሎ፣ እንከን ሳይኖረው ይጫወት ነበር፤ ስሰማው ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማኝ ነበር፣ ምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም። በኋላ ጊታሩን ለዕቃ ቤት አስረክቦ በግብርና ሥራ ተቀጥሮ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ካሴቱን ጠየቀኝ። «ፈልጌ እሰጥሃለሁ» አልኩት።

ልጅቷ ጥያቄዋን የጠየቀችኝ ቀን ያንን ካሴት ከሣጥን አወጣሁት። በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት፣ አሮጌውን ቴፕ አስነሳሁ። የመዝሙሩ ጩኸት ሃያ ስድስት ደቂቃ ያህል ሄደና ተቋረጠ። ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ፣ ከዚያም ያ የሚነዝር ክር። አራት ደቂቃ ያህል ተርፏል። ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ ሰማችው። ሲያልቅ ያለችው ነገር ቢኖር «በምን ነው እንዲህ ያደረገው?» ብቻ ነው። ቆዳውን ነገርኳት።

እንግዲህ ጊታር የያዛችሁ ልጆች፣ ስለ ልምምድ አልመክራችሁም፤ ያን ታውቁታላችሁ፣ ካላወቃችሁትም ጣታችሁ ይነግራችኋል። የምነግራችሁ ስለ ሰሚ ነው። ሥራችሁን ለሰው ስታሰሙ «ወደዳችሁት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የቱ ቦታ ላይ ቀና እንዳሉ፣ የቱ ላይ ወሬ እንደጀመሩ፣ የቱን ድገም እንዳሉ ጠይቁ። ሾፌሩ የሰማው መንገዱን ነው፤ አረቄ ሻጯ የሰሙት ሐዘን ነው፤ አዛውንቱ ጾማቸውን ሰሙ። ሦስቱም ልክ ናቸው። ስምንት ዓይነት ሥራ ያለው ካሴት አራት ሰው በአራት በር እንዲገባ አደረገ። እኔ ሦስቱን በር ዘጋሁ። የሰው አስተያየት በሌላ ሰው አፍ ሲመጣላችሁም ተጠንቀቁ፤ ተናጋሪውን ራሱን ፈልጋችሁ ጠይቁ።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሩን እንደገና መቃኘት አለበት። ያ መቃኘት ዝም ብሎ የሚባክን ጊዜ እንዳይመስላችሁ። ሰሚው በዚያች ፋታ የቀድሞውን ቅኝት ከጆሮው አውጥቶ አዲሱን ይቀበላል። ጊታር ግን ይህ አያስፈልገውም፤ አሥራ ሁለቱም ድምፆች አንገቱ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ ጣት ብቻ ይለወጣል። ስለዚህ ጊታር ተጫዋች ሰሚውን ሳያዘጋጅ በቅጽበት ሊሻገር ይችላል። ልጁን «አልተረጋጋም» ያሰኘው ይህ ይመስለኛል፤ በሥራዎቹ መካከል ትንፋሽ አልተወም ነበር። ችግሩ አሻጋገሩ ላይ ነበር። እኔ «በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ፋታ ስጥ» ብዬ ብነግረው ይበቃ ነበር። የጄፍ ቤክን አልበም ስሰማ ያስተዋልኩት ይህንኑ ነው፤ ፈጣኑ ካለቀ በኋላ ሸክላው ይገለበጥ ነበር፣ ያ ዝግተኛ ዜማ ሁለተኛውን ገጽ ይከፍታል። ሰሚው ተነስቶ ሸክላውን ሲገለብጥ ጆሮው ያርፋል። ዛሬ በስልክ ስትሰሙት ያቺ ዕረፍት የለችም።

በዚህ ዘመን ልጆች ላይ ቅሬታ አለኝ፣ አልሸሽገውም። አንድ ሥራ እስኪያልቅ አትታገሡም። አሥራ አምስት ሴኮንድ ሰምታችሁ ትፈርዳላችሁ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አምስት ስልት አሳይታችሁ ጭብጨባ ትጠብቃላችሁ፤ ትዝታን ጠይቄ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያርፍ ሊነግረኝ ያልቻለ ጎበዝ ጊታር ተጫዋች በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት አይቻለሁ። በሌላ በኩል እኛ በአሥር ዓመት ያልሰማነውን እናንተ በአንድ ወር ትሰማላችሁ፤ በዚህ እቀናባችኋለሁ። ያ የመንዝ ልጅ የእናንተ ስልክ ቢኖረው ምን ያደርግ እንደነበር ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ልጅቷንም በመጨረሻ ይህን አልኳት፦ የምትችዪውን ሁሉ አስገቢ፤ ግን መጀመሪያ አንድ ዓመት ከአንድ ቅኝት ጋር ኑሪ። ቅድም ካልኩት ጋር እንደሚጋጭ አውቃለሁ፤ ልጁን ያሰርኩት በዚሁ ምክር አይደለም ወይ? ቢሆንም አሁንም አምንበታለሁ። ልጁ ትዝታን ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ የተጫወተው ከዚያ ተነስቶ ነው። እኔ መነሻ ያለውን ሰው መነሻ እንደሌለው ቆጠርኩት። ልጅቷ ግን ገና መነሻ የላትም፤ ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳት፣ ከፋት። ሳምንት ሳይሞላ ግን ተመለሰች፤ ክሮቿ ሥር የአሮጌ ቀበቶ ቁራጭ ሰክታ ነበር። ገና በደንብ አይነዝርም። ቆዳው ወፍሯል፣ እንድታሳሳው ነገርኳት።

ከመንዝ መጥተህ በ1978 ክረምት ካሴት የሰጠኸኝ ልጅ፣ ዛሬ አንተም አባወራ ሆነህ ይሆናል። አዛውንቱ የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስመልሰውታል። ሾፌሩ ሦስተኛውን ቅዳልኝ ብሎ ነበር። ጎረቤቴም ማን እንደሞተብህ ጠይቀዋል። ካሴቱ እኔ ዘንድ ነው፤ ፕላስተሩን አንስቼዋለሁ።