አንዱን ቅዳሜ ለሁለት ቤት እሺ ብያለሁ

ጤና ይስጥልኝ፣

የ66 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ፣ ከልጄ፣ ከባሏና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ነው። ትልቁ 8 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 4። ልጄ ነርስ ናት፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት ትሠራለች። ባሏ ታክሲ ይነዳል። ጠዋት ሁለቱም ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ 3 ሰዓት ላይ የምቀበላቸው እኔ ነኝ። (ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።)

ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ ድምፅ ሳልሰጥ የቀረሁበት ምርጫ የለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በበጎ ፈቃድ ለዕጩዎች እቀሰቅሳለሁ። ሲጀመር በሳምንት ሁለት ሰዓት ነበር። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ምድር ቤት ገብቼ ስልክ እደውላለሁ፤ ቅዳሜ ከ9 እስከ 12 በር አንኳኳለሁ። አስተባባሪው ጨዋ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ዓርብ ማታ «እማማ፣ አንድ ሺፍት ብቻ ይጨምሩልን» ብሎ ቴክስት ያደርጋል። እኔ እምቢ ማለት አላውቅበትም።

የስልኩ ሰዓት የልጆቹ እራት፣ የቤት ሥራና መታጠቢያ ሰዓት ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዤ ልጄን ላስተኛት ቃል ገብቼ ነበር፤ ረስቼው ወጣሁ። ከሌሊት ሥራ ገብታ እስከ ቀትር ሳትተኛ ቆየችኝ። አልተቆጣችም። «እማዬ፣ ባለፈው ዓመትም ኖቬምበር ላይ ያልቃል ብለሽኝ ነበር» አለችኝ፤ ይኸው ነው። ባሏ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እያለ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከልቡ አይደለም።

ማቆም አልፈልግም። አማርኛ የሚያናግራቸው ሰው እስኪያገኙ ድረስ ምርጫ መኖሩን እንኳ የማያውቁ እናቶች አሉ። ጊዜዬን እንዴት ላብቃቃው? ትልቁን ልጅ ይዤው ብወጣ ያስኬዳል? አስተባባሪው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወረቀት እንዳድልለት ጠይቆኛል፤ ይቻላል? በምርጫው ዕለትስ ምን ላድርግ?

አያት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ውድ እናታችን፣

ከልጅዎ ቃል እንጀምር፤ እውነቷን ነው። ቨርጂንያ ውስጥ ኖቬምበር ሲያልቅ የሚቀጥለው ይጀምራል። በፈረንጅ አቆጣጠር በጎዶሎ ቁጥር ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት፣ በየአራት ዓመቱም አገረ ገዢው ይመረጣል፤ በሙሉ ቁጥር ዓመት ኮንግረስ ይመጣል፤ በመሃል፣ ብዙ ጊዜ ጁን ላይ፣ የፓርቲ የማጣሪያ ምርጫ አለ። ስለዚህ «ትንሽ ታገሱኝ» ማለት እዚህ አያዋጣም። ይልቅ የትኛውን ምርጫ እንደሚሠሩ ይምረጡ። ለምሳሌ የኖቬምበሩን ከሴፕቴምበር መጀመሪያ አንሥተው ይሠራሉ፤ የጁኑን ይተዋሉ። ልጅዎ የምትፈልገው የሚያልቅበት ቀን የታወቀ ነገር ነው።

አሁን ወደ ስልኩ። ቅስቀሳ ቢሮዎች ከ5 እስከ 8 የሚያስደውሉት አብዛኛው መራጭ ከሥራ የሚገባው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። የእርስዎ ሰው ግን ሌላ ነው። የእኛ ሰው ታክሲ ይነዳል፣ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ሆቴልና ሆስፒታል ሌሊት ያድራል፤ ማታ ሲደወልለት መንገድ ላይ ነው ወይም ሥራ እየገባ ነው። ከጠዋቱ 10 እስከ ቀትር ግን ብዙው ቤቱ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ የልጅ ልጆችዎ ትምህርት ቤት የሚውሉበት ነው! አስተባባሪውን «አማርኛ ተናጋሪ የሆኑትን ለይተህ ስጠኝ፣ ጠዋት እደውላለሁ» ይበሉት። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሠሩ ማታ ማታ በጠቅላላው ስድስት ሰዓት ከሚደውሉት የበለጠ ሰው ያገኛሉ ብለን እናስባለን። በእጅ እየደወሉ በሁለት ሰዓት 40 ቁጥር መሞከር ይቻላል፤ ስምንት ወይም አሥር ሰው ካነሣ ጥሩ ቀን ነው።

እንዲህ ያለው ሊስት አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው በስም ግምት ስለሆነ ትግርኛም ኦሮምኛም ተናጋሪ ይገባበታል። መጀመሪያ «በየትኛው ቋንቋ እናውራ?» ብለው ይጠይቁ። የማይታወቅ ቁጥር የማያነሣ ብዙ ነው፤ ለእሱ መልእክት ሲተዉ ስምዎንና ሰፈርዎን፣ ቀጥሎ ወዲያው «ገንዘብ አልጠይቅም» የሚለውን ያስቀድሙ። የዕጩው ስም ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ቅዳሜን በሚመለከት፣ የበር ማንኳኳቱን የሚበላው እርምጃው ሳይሆን ቡናው ነው። አንድ ሊስት ብዙውን ጊዜ 40 ወይም 50 በር ይሆናል፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል ተብሎ የተሰላ ነው። ስሌቱ ግን «ግቡ እንጂ፣ በር ላይ ቆሞ ወሬ አለ እንዴ?» የሚባልበትን ቤት አያውቅም። ሦስት ቤት ከገቡ ሺፍቱ አለቀ፤ «12 ላይ እመጣለሁ» ያሉት 2 ሰዓት ይሆናል፤ ልጅዎ እንቅልፏን የምታጣው እዚያ ላይ ነው። ጫማዎን አያውልቁ። «የልጅ ልጆቼ እየጠበቁኝ ነው፣ ቡናውን ለሌላ ቀን ቀጠሮ ያዙልኝ» ቢሉ የሚቀየም የለም። ሦስት ፎቅ ደረጃ የሚያስወጡ ሕንፃዎችን ለወጣቶቹ ይተዉ፤ ሊፍት ያለውን ይጠይቁ። ሰው ካጡ ወረቀቱን በሩ ላይ ይሰኩት፤ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ግን አይክተቱት። ቴምብር የሌለውን ነገር እዚያ ማስገባት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

ሺፍቱም ከልጅዎ የሌሊት ሥራ ማግስት በሚውለው ቅዳሜ አይሁን። ከወር አራት ቅዳሜ ሁለቱን ብቻ ይስጡ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ልጅዎ ትምረጥ። የነርሶች ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ስለሚወጣ፣ የሥራ ቀኖቿን ማቀዝቀዣው ላይ ባለው ካላንደር በቀይ፣ የእርስዎን በሰማያዊ ይጻፉ። ቀይና ሰማያዊ አንድ ሣጥን ውስጥ ከገቡ ሰማያዊው ይሰረዛል። ያለፈው ቅዳሜ የተበላሸው ቃሉ በሁለት ስልክ ላይ ተበታትኖ ስለነበር ነው እንጂ በክፋት አይደለም።

ትልቁን ልጅ ይዞ መውጣት ይቻላል፤ ትንሿን ግን ተዉ። የአራት ዓመት ልጅ ከአሥረኛው በር በኋላ መታቀፍ ትፈልጋለች፤ ጉልበትዎን ያስቡበት። የስምንት ዓመቱም ቢሆን ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ፤ ውኃና የሚበላ ነገር ይያዙ፤ መጀመሪያ ወላጆቹ እሺ ይበሉ፤ ቅስቀሳ ቢሮውም ፎቶውን አንሥቶ እንዳይለጥፍ አስቀድመው ይንገሩ። ወረቀት መያዝና የቤት ቁጥር ማንበብ ይወዳል። በሩን ግን እርስዎ ያንኳኩ፤ እሱ ከኋላዎ ይቁም፤ ውሻ አለ።

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ መልሳችን አጭር ነው፦ እዚያ አያድሉ። ከግብር ነጻ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ዕጩ እንዳይደግፍና እንዳይቃወም የሚከለክለው ሕግ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ ያለ ነው። እርስዎ እንደ ግለሰብ ከጓደኛዎ ጋር ቢያወሩ የሚከለክልዎ የለም። በግቢው ውስጥ የዕጩ ወረቀት ሲታደል ግን ጣጣው የሚተርፈው ለሰበካ ጉባኤው ነው። «ተመዝግባችኋል ወይ? ድምፅ መስጫው መቼ ነው?» የሚል፣ ዕጩም ፓርቲም የማይጠቅስ ወረቀት ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ቢሆን አስተዳዳሪውን አስፈቅደው።

ትልቁ ወጥመድ የመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ናቸው፤ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ። ቢሮው ጠዋትም ማታም ይፈልግዎታል። በዚያው ሰሞን ብዙ ትምህርት ቤቶች የድምፅ መስጫ ጣቢያ ስለሚሆኑ በምርጫው ዕለት ይዘጋሉ፣ አንዳንዶቹ ሰኞንም ይጨምራሉ። አያት በጣም የምትፈለግበት ቀን በሁለቱም ቤት አንድ ቀን ሆነ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለሰውም በዋዜማው እሑድ ስለሆነ ከ5 ሰዓት በኋላ ጨለማ ነው፤ በር ማንኳኳት ያበቃል። የትምህርት ቤቱን ካላንደር ዛሬ ይመልከቱ። ማክሰኞን ከልጅዎ ጋር አሁን ይካፈሉ፦ ጣቢያዎች ከጠዋቱ 6 እስከ ማታ 7 ክፍት ስለሆኑ፣ ከ6 እስከ 10 እርስዎ ይውጡ፣ ከዚያ በኋላ ቤት ይሁኑ።

ደግሞም ሁሉንም ለማክሰኞ መተው የለብዎትም። ቨርጂንያ ውስጥ ድምፅ መስጠት የሚጀመረው 45 ቀን ቀድሞ፣ ከመስቀል በፊት ነው። ያን ጊዜ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሚሆኑ፣ መኪና የሌላቸውን እናቶች በሥራ ቀን ጠዋት ሁለት ሁለት እያደረጉ ማድረስ ይችላሉ። ማንበብ የማይችሉ ካሉ ራሳቸው የመረጡት ሰው አብሯቸው ገብቶ እንዲያነብላቸው የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል፤ አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ ብቻ መሆን አይችልም። እዚያው ፎርም ይፈረማል። ሲገቡ ግን ቀስቃሽነትዎ ውጭ ይቅር፦ የዕጩ ቲሸርት አይልበሱ፣ የተጻፈውን እንዳለ ያንብቡ፣ ምልክቱን እሳቸው ባሉት ላይ ብቻ ያድርጉ። ከመግቢያው በ40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ገደማ ውስጥ የቅስቀሳ ወረቀት ማሳየትም ማደልም አይቻልም።

ለአስተባባሪው ይህንን አንድ ጊዜ ይጻፉለት፦ «ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ስልክ፣ በወር ሁለት ቅዳሜ በር፣ በምርጫው ዕለት ከ6 እስከ 10። ሌላ አትጠይቀኝ፤ ከዚህ ግን አልቀርም።» ሺፍት የሚሞላ ሰው በጣም የሚጎዳው በእምቢታ አይደለም፤ እሺ ብሎ በሚቀር ሰው ነው። ዓርብ ማታ ቴክስት ከመጣ «ልጄን ጠይቄ ነገ እመልስልሃለሁ» ይበሉና ስልኩን ኩሽና ትተው ይተኙ።

ስለ ኮረንቲው፣ ከአማችዎ ጋር አይከራከሩ። ያ አባባል የመጣው ፖለቲካ ሰው ከሚያሳስርበት ዘመን ነው፤ የሚፈራው ለእርስዎ ነው። ምርጫው ሊደርስ ሲል ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች አስቀድሞ ድምፅ መስጫው ክፍት ነውና፣ ታክሲውን ሳያወጣ ሄዶ ይስጥ እንደሆነ ብቻ ይጠይቁት። ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ስሙ የአንድ ሌላ በጎ ፈቃደኛ ሊስት ላይ ሳይኖር አይቀርም፤ ቅዳሜ ጠዋት የእናንተን በር የሚያንኳኳው ያ ሰው ልጅዎን ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል።