ጎልፍ ጂቲአይ ልትገዛ ለምትሄደው የጅማ ልጅ፦ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት

ትናንት እንዲህ ብለህ ጠይቀሃል፦ «ጅማ ነው የምኖረው። በሚቀጥለው ሳምንት የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ልገዛ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ አምስተኛው ትውልድ፣ 2.0 ቱርቦ። የመኪና መሸጫ ቤት ሰዎች ያዋክባሉ ሲሉ እሰማለሁ። እንዴት ልቻላቸው? ደላላስ ልያዝ?»

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው «ተጠንቀቅ» ብሎ መልሶልሃል። ተጠንቀቅ ብቻውን ምን ያደርግልሃል? እኔ በዚሁ መኪና ምክንያት፣ በዚሁ መንገድ ሄጄ 150 ሺህ ብር አስበልቼ ተመልሻለሁ። ከአራት ወር በኋላ ደግሞ ትክክለኛውን ገዝቼ፣ ራሴ እየነዳሁ ጅማ ገብቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። መኪናውን እንደምታውቀው ከጥያቄህ ስለገባኝ ስለ እሱ አላስተምርህም። ስለ ሰዎቹ ነው የምነግርህ።

1. ከጅማ እንደመጣህ አትናገር። እኔ ቡና አቅራቢ ነኝ። የሄድኩት በየካቲት 2016 ነው፣ ቡናው ተሸጦ እጃችን ላይ ገንዘብ ባለበት ሰሞን። ሻጩ ገና ሰላም ሳይለን «ከየት ነው የመጣችሁት?» አለ። ታናሽ ወንድሜ «ከጅማ» አለው። የሰውየው ፊት በራ። «ዘንድሮ ቡና ዋጋ አለው አይደል?» አለን። ከዚያ በኋላ ዋጋው ንቅንቅ አላለም። አንተ ቡና ባትነግድም ለእነሱ ያው ነህ። ከሩቅ የመጣ ሰው አልጋ ይዟል፣ ቀን ተቆጥሮበታል፣ ባዶ እጁን መመለስ ይከብደዋል፤ ይህን ያውቃሉ። «ዘመድ ቤት ነው ያረፍኩት፤ አልቸኩልም» በል። እውነት እንዲሆን ደግሞ የምር ዘመድ ቤት እረፍ።

2. አብሮህ የሚሄደውን ሰው ምረጥ። ወንድሜን የወሰድኩት መንገድ ላይ እንዳይሰለቸኝ ብዬ ነው። መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ስለ መኪናም አያውቅም። ሻጩ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሱን ነው ያናገረው። ጥያቄውን እኔ እጠይቃለሁ፣ መልሱ ለወንድሜ ይሄዳል። ገንዘቡ የእኔ፣ መኪናው የእኔ። «የምገዛው እኔ ነኝ» አልኩት። «እሺ እናቴ» ብሎ ፈገግ አለና እንደገና ወደ ወንድሜ ዞረ። ያን ጊዜ ወጥቼ መሄድ ነበረብኝ። እስካሁን ያናድደኛል። አንተም አባትህን ወይም ባለሀብት አጎትህን ይዘህ ብትሄድ እንደዚያው ነው የሚያደርጉህ። ይዘህ መሄድ ያለብህ መካኒክ ብቻ ነው።

3. «ሌላ ገዢ አለ» ሲሉህ አትደንግጥ። ስልክ ይደወላል። ሻጩ አጠገብህ ቆሞ «አይ፣ ሰዎች አሉበት፣ እስከ ማታ ጠብቅ» ይላል። እኔን «ከሐዋሳ አንድ ሰው መንገድ ላይ ነው» ብሎኛል። በዚያ ላይ ያኔ አዲስ ወሬ ነበራቸው። በጥር 2016 መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መወሰኑን አሳውቆ ነበር። ውሳኔው እውነት ነው። ሻጩ ግን እንደ ጅራፍ ነው የተጠቀመበት። «ከእንግዲህ ቤንዚን ጂቲአይ አይመጣም፤ ዛሬ ካልያዛችሁት ነገ እጥፍ ነው» አለን። ከአራት ወር በኋላ የገዛሁት ከዚያ ባነሰ ዋጋ ነው። ይህን ያዝልኝ።

4. ቀብድ። እዚህ ጋ ነው እኔ የተበላሁት፤ እንደሆነው ልንገርህ።

መኪናው ነጭ ነው። የፊት ፍርግርጉ ላይ ቀይ መስመር አለው፣ ፍሬኑ ቀይ ተቀብቷል፣ ከኋላው ጂቲአይ የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ወንበሩ እንኳ ያ የታወቀው ዳማ ጨርቅ ነበር። የማርሚታው ጫፍ ሁለት ሆኖ በግራ በኩል ወጥቷል፣ ልክ እንደ አምስተኛው ትውልድ። ይህን ሁሉ አስቀድሜ አጥንቼ ስለነበር ልቤ ሞላ። ለካ እነሱም አጥንተውታል።

ስንደርስ ሞተሩ ሞቋል። «አሁን አሳጥበን አስገባነው» አሉን። ሊብሬውን ጠየቅኩ። «ባለቤቱ ጋ ነው፣ ነገ ጠዋት ይመጣል» አሉ። ልንዳው አልኩ። «ኢንሹራንሱ አይፈቅድም» ብለው ሻጩ ራሱ ይዞን ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረ። መኪናው አልሳብ አለኝ። ነዳጅ ሲረግጥ ጮኸ እንጂ ጀርባዬን ወንበሩ ላይ አልጣለኝም። ይህንኑ ነገርኩት። «አዲስ አበባ ከፍታ ናት፣ ቱርቦ ከፍታ ላይ ይሰንፋል፤ ጅማ ስትወርዱ ይነቃል» አለኝ። ለወንድሜ ነው ያለው፣ እኔ ሰማሁት።

ይህን ውሸት በደንብ አስተውለው፣ ለአንተም ይነግሩሃልና። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ በጣም ያንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ። ለእኛ አገር ቱርቦ የሚመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ከፍታ ላይ የሰነፈ ጂቲአይ ካየህ ወይ ታሟል፣ ወይ ጂቲአይ አይደለም።

ያኔ ግን ይህን አላውቅም። ባንክ ሊዘጋ ነው ተባለ። የተተየበ ወረቀት መጣ። «መኪናውን አይቼና መርምሬ ባለበት ሁኔታ ለመግዛት ተስማምቻለሁ» ይላል። ፈረምኩ። ሮጠን ባንክ ገባን፤ 150 ሺህ ብር ቀብድ አስገባሁ።

እኔ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ስገዛ ጆንያውን ከላይ አይቼ አልከፍልም። አፉን አስፈትቼ ከሥሩ እፍኝ አውጥቼ አሸታለሁ፣ ፈልፍዬ አያለሁ፣ እርጥበቱን በጥርሴ እሞክራለሁ። ጅማ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ እኔን አታሎ እርጥብ ቡና የሸጠልኝ ሰው የለም። መኪናውን ግን ጆንያው እንደተሰፋ ገዛሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሊብሬው መጣ። የሞተሩ ሲሲ 1595 ይላል። የጂቲአይ ሞተር 1984 ሲሲ ነው። 1595 ማለት ተራው ጎልፍ 1.6 ነው፤ የጂቲአዩ 200 ፈረስ ጉልበት ሲሆን የእሱ መቶ ገደማ ነው። «መዝጋቢው ተሳስቶ ነው» አሉኝ። መካኒክ ከሰፈር ጠራሁ። ኮፈኑን ከፈተ፣ እጁን ከሞተሩ ጀርባ ሰደደ፣ ዳሰሰ፣ አወጣ። «ቱርቦ የለውም» አለ። አለቀ።

ቀብዴን ስጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ወጣ። ትናንት «እርስዎ» እና «እናቴ» የነበርኩት ሴትዮ በአንድ ሌሊት «አንቺ» ሆንኩ። «ወይ ትገዢዋለሽ፣ ወይ ቀብድሽን ትተሽ ትሄጃለሽ» አለኝ። ወንድሜን ደግሞ «እህትህን ምከራት» አለው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተናቅኩበት ጊዜ የለም። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ክሰሽ» ተባልኩ።

ጠበቃ አማከርኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1885 አውጥቶ አሳየኝ። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በማታለል የተገባ ውል ይፍረስልኝ ማለት ይቻላል፤ ግን ማታለሉን ማስረዳት አለብኝ፣ ወረቀቱ ደግሞ «መርምሬ» ይላል፣ ፊርማውም የእኔ ነው። ለየቀጠሮው ከጅማ እየተመላለስኩ፣ ሥራዬን እየዘጋሁ። አሰብኩት። ተውኩት። 150 ሺህ ብሬ ቀረ።

እንግዲህ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋን አስምርባት። ቀብድ የግድ መክፈል ካለብህ የእነሱን ወረቀት አትፈርም፣ የራስህን ጻፍ። «ሊብሬው ላይ ያለው ሲሲ 1984 ካልሆነ፣ ወይም ገዢው የመረጠው መካኒክ መርምሮ ካልተቀበለው፣ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ይኑርበት። የሞተር ቁጥሩንና የሻንሲ ቁጥሩን ጨምርበት። እምቢ ካሉ መልስህን አገኘህ። ሊብሬ ሳታይ ደግሞ አምስት ብር አትክፈል።

አሁን ደላላ ላልከው። በሁለተኛው ዙር ደላላ ይዣለሁ፣ አልቆጨኝም። ሁሉም ሌባ ነው የሚሉህን አትስማ። የተለመደው 2 ፐርሰንት ነው፤ ግን መኪና ሳታይ በፊት በብር ቆርጠህ ተነጋገር። እኔ «2 ፐርሰንት አልከፍልም፣ ዋጋው ምንም ይሁን 30 ሺህ ብር ነው» አልኩት። መኪናው ሲወደድ እሱም ብዙ የሚያገኝ ከሆነ ለማን እንደሚከራከር ግልጽ ነው። ሌላው፣ መሸጫ ቤት እንዳይወስደኝ ነገርኩት። «ከባለቤቱ ቤት፣ ከባለቤቱ እጅ» አልኩት። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ደወለልኝ።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ደረስን። እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ፣ ቀዝቃዛ ነው። «ሳላስነሳ ነው የጠበቅኳችሁ» አሉ። እንደዚያ የሚል ሻጭ ስታገኝ ታውቀዋለህ። ሲነሳ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የለም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው፤ ነጭ ሆኖ የማያቆም፣ ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ ደግሞ የራዲያተር ውሃ እየገባበት ነው። ሁለቱም የሚታዩት በደንብ ጠዋት፣ በቀዝቃዛ ሞተር ነው። አሙቀው የሚጠብቁህ ይህን እንዳታይ ነው።

የሰርቪስ ደረሰኞቹን በፋይል አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉልኝ። መጀመሪያ የፈለግኩት የካምቢዮውን ዘይት ነው። ባለ ስድስት ማርሹ ዲኤስጂ፣ ማለትም በራሱ ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ፣ በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት ይቀየርለታል። መሸጫ ቤቱ «ለዚህ ካምቢዮ ዘይት አይነካም» ብሎኝ ነበር። እሳቸው ሁለት ጊዜ ያስቀየሩበትን ወረቀት አሳዩኝ።

ከዚያ መካኒኬ የነዳጅ ፓምፑን ፈታ። ይህን አንተም አስፈታ፤ ማንም አይነግርህም። በዚህ ሞተር ላይ በከፍተኛ ግፊት ነዳጅ የሚገፋው ፓምፕ ከካምሻፍቱ (የሞተሩን ቫልቮች ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር የሚገናኘው በትንሽ የብረት ኩባያ ነው። ጥቁር ቅብ አላት። ቅቡ አልቆ ከተበሳች ካምሻፍቱንም ፓምፑንም ይዛ ትጠፋለች። ሦስት ቡሎን ነው የሚፈታው። የእሳቸው ኩባያ ላይ ቅቡ መሳሳት ጀምሯል። አሳየናቸው። አልተከራከሩም፤ ከዋጋው ላይ ለአዲስ ዕቃ የሚሆን ቀነሱ። መሸጫ ቤት ውስጥ ፓምፕ ልፍታ ብል ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

በኮምፒውተርም አስነብበናል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አንዳንዱ ሻጭ አንተ ከመምጣትህ በፊት የብልሽት ኮዱን ያጠፋዋል። ምንም ኮድ የለም ቢባልህም፣ የመኪናው የራሱ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቁም» የሚል ካሳየ በቅርቡ ተጠርጓል ማለት ነው። መካኒክህን ይህን አይተህ ንገረኝ በለው።

ዕዳና እግድ እንደሌለበት አጣርተን፣ ፊት ለፊት ተፈራርመን፣ በሲፒኦ ከፈልኩ። እሳቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያናገሩት እኔን ነው።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስቼ በሰበታ፣ በወሊሶ፣ በወልቂጤ አድርጌ መጣሁ። ጊቤ ስወርድ ሙቀቱ ታውቀዋለህ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ሰኮሩ ዳገቱን ስይዘው ዓይኔ ከሙቀት መለኪያው አልተነቀለም። መርፌው 90 ላይ ተተክሎ ቀረ። ከፊቴ የነበረ ከባድ መኪና ቦታ ሲለቅልኝ ረገጥኩት፤ ያን ጊዜ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተጣበቀ። ወንድሜ «እህ! ይሄ ነው እንዴ?» አለ። አዎ፣ ይሄ ነው። ዛሬ ጅሬን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት እንደ ሜዳ ነው የሚወጣው።

ጎማውን ግን አስብበት። መጠኑ 225/45 ባለ 17 ነው፤ ጅማ ላይ ሦስት ቀን ዞሬ አጣሁ፣ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። ስትገዛ ጎማው ካለቀ እዚያው ቀይረህ ና።

ሊብሬውን እንዳሳዩህ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ሲሲውንም የሞተር ቁጥሩንም አይልሃለሁ። በምርት ሰዓት እንኳ ቢሆን እመልስልሃለሁ። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ግን ይሁን።