የመወጣጫው ልክ፣ የአስተርጓሚዋ ቦታ፣ የበዓሉ ዱቄት

ከሐዋሳ አጥቢያዎች ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን በዚህ ዕትም እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ የጸሎት ቤታችን በር ሦስት ደረጃ አለው። ሁለት ወንድሞች በዊልቸር፣ አንዲት እናት በእጅ በሚነዳ ባለ ሦስት ጎማ ይመጣሉ፤ ወጣቶች ተሸክመው ያስገቧቸዋል። ግንበኛው «በሁለት ሜትር መወጣጫ እገላግላችኋለሁ» ይላል። ይበቃል?
(የልማት ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አይበቃም። ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከፍታው 45 ነው፤ መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። በሁለት ሜትር ከተሠራ ሲወጡ ሁለት ሰው መግፋት አለበት፣ ሲወርዱ ደግሞ ዊልቸሩ ያመልጣል። ግቢው ከጠበበ ግድግዳውን ይዛችሁ እጠፉት፤ መታጠፊያውና የበሩ ፊት ግን 1.50 በ1.50 ሜትር ለጥ ያለ ይሁን። አለዚያ ሰው ተዳፋት ላይ ቆሞ በር ሲከፍት ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

ለዊልቸር 90 ሳንቲ ሜትር የመወጣጫ ስፋት ይበቃል። የእናታችን ባለ ሦስት ጎማ ግን ሰፊም ረጅምም ስለሆነ ከ1.20 አታሳንሱ፤ መታጠፊያውንም እሳቸው ባሉበት፣ መሬት ላይ በኖራ አስምራችሁ፣ ሲዞሩበት አይታችሁ ወስኑ። ሴራሚክ ይቅርባችሁ፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ጫር ጫር ማድረግ ይበቃል። ጎማ እንዳይወጣ ጠርዙን 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ የብረት መደገፊያው ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው።

ብዙ አጥቢያ ገንዘቡን መወጣጫው ላይ ይጨርስና ከውጭ በር እስከ ደጃፉ ያለውን ጠጠር ይረሳል። ሽንት ቤቱንም። ሽንት ቤት መግባት የማይችል ሰው ውሃ ሳይጠጣ ይመጣል፤ ረጅም ጉባኤ ሲሆን ደግሞ ይቀራል። አዳራሹ ውስጥ ከሁለት ሦስት ቦታ አግዳሚ ወንበር ቆርጣችሁ 0.90 በ1.30 ሜትር ክፍት ተዉ፤ መተላለፊያ ላይ ተለይቶ መቀመጥ ማንንም ደስ አያሰኝም።

አዲስ ሕንፃ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ፕላኑ ሲሠራ ማስገባት አፍርሶ ከመሥራት እጅግ ይረክሳል።

ጥያቄ፦ መስማት ለተሳናቸው ምዕመናን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አቆምን፤ ሆኖም ከአምስቱ ሦስቱ ምንም አይከታተሉም። ለምን?
(መዘምር፣ ሐይቅ ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ አቋቋሟን እዩ። መስኮት ከጀርባዋ ካለ ፊቷ ይጨልማል፤ የፊቷ ገጽታ ደግሞ የቋንቋው አካል ነው። ከሰባኪው አጠገብ፣ ብርሃን ፊት ለፊት እየመታት፣ ጥለት የሌለውና ከቆዳዋ ቀለም የሚለይ ልብስ ለብሳ ትቁም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ የሚተካት ሰው ያስፈልጋል፤ እጅ ብቻ ሳይሆን አእምሮም ይዝላል። መዝሙሩንና የሚነበበውን ክፍል ከዋዜማው ስጧት። ክፈሏትም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሦስቱ ካልተከታተሉ፣ ትምህርት ቤት ገብተው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ያልተማሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ከቤተሰባቸው ጋር የሚግባቡት ቤት ውስጥ ራሳቸው በፈጠሩት ምልክት ነው፤ በጽሑፍ ማሳየትም አያግዛቸውም። ከሚከታተሉት ከሁለቱ አንዱ ከስብከት በኋላ ቢያስረዳቸው ከአስተርጓሚዋ ይልቅ ይገባቸዋል። ትምህርቱንም እሱው ያስጀምራቸው፤ መስማት የተሳነው ምልክትን ሲያስተምር ያምርበታል።

ጥያቄ፦ በየበዓሉ ማዕድ እናጋራለን፤ ይበልጥ የተቸገሩት ግን አይመጡም።
(የዲያቆናት ክፍል፣ መነኸሪያ)

መልስ፦ ሰልፉና ካሜራው ያስቀራቸዋል። ጎረቤት እያየ፣ ዘይት ታቅፎ ፎቶ መነሳት ለብዙ ሰው ከረሃብ ይከብዳል። ሁለት ሰው ማታ ቤታቸው ያድርስ። የቀበሌ መታወቂያ የምትጠይቁ ከሆነም ተከራዩንና ተፈናቃዩን በራሳችሁ እጅ አስቀርታችኋል፤ ከመታወቂያ ይልቅ የሠፈሩን ዕድር ጠይቁ።

መጠኑንም አስቡበት። በዕርዳታ ሥራ የተለመደው የወር ቀለብ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። አራት ሰው ላለበት ቤተሰብ 25 ኪሎ ዱቄት 12 ቀን ያህል ይቆያል ማለት ነው። በፋሲካ ለመቶ ቤት ከማደል ለሃያ ቤት በየወሩ መስጠትን እንመርጣለን። እህሉ ሳይፈጭ የሚሰጥ ከሆነ የወፍጮውን ጨምሩ፤ አለዚያ ለወፍጮ ሲሉ ከእህሉ ላይ ይሸጣሉ።