ድካሙ የክኒኑ ነው ወይስ የስትሮኩ?

ጥያቄ፦ አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። ከስምንት ወር በፊት በደም ሥር መዘጋት ምክንያት ስትሮክ አጋጥሟቸው ቀኝ እጅና እግራቸው ስለደከመ አሁን በምርኩዝ ይሄዳሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ ከታዘዙላቸው መድኃኒቶች አንዱ 80 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ «አቅሜን የጨረሰው ይኼ የኮሌስትሮል ክኒን ነው፤ ሰውነቴን ይቆረጥመኛል» እያሉ ነው። ባለፈው ሳምንት አልጋቸውን ሳነጥፍ ከትራሳቸው ሥር 11 ክኒን አገኘሁ። ኮሌስትሮላቸው ሲመረመር ደግሞ «ደህና ነው» ተብለናል። በዚህ ዕድሜያቸው ቢያቆሙት ምን ይጎዳቸዋል? መውሰዳቸው ግድ ከሆነስ ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ?

መልስ፦ ከትራሱ ሥር ያገኟቸውን ክኒኖች አይጣሏቸው፤ አባትዎንም አይቆጧቸው። ሐኪማቸው ያለፈውን ምርመራ በትክክል ሊረዳው የሚችለው ምን ያህሉ እንዳልተወሰደ ሲያውቅ ነውና ቁጥሩን ይንገሩት።

ኮሌስትሮላቸው «ደህና» የሆነው በአብዛኛው ክኒኑን ይወስዱ ስለነበር ነው። አቶርቫስታቲንን ጨምሮ ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን መንገድ ስለሚገቱ፣ ሲቋረጡ ኤልዲኤል የተባለው ጎጂ ኮሌስትሮል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። ከዚህም ሌላ የደም ሥራቸው በስብ ክምችት ለጠበበና በዚሁ ሳቢያ ስትሮክ ለደረሰባቸው ሰዎች የሚፈለገው የኤልዲኤል መጠን በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ስለሆነ፣ ለጤነኛ ሰው ደህና የሚባለው ቁጥር ለእሳቸው ላይበቃ ይችላል።

ጥቅሙንም ሳናጋንን እንናገር። ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ የአንጎል ደም እጥረት ያጋጠማቸው 4,731 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ስፓርክል የተሰኘ ጥናት፣ አባትዎ የሚወስዱትን ይህንኑ መጠን መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን ጋር አነጻጽሯል። በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ዳግመኛ ስትሮክ ያገኛቸው ባዶውን ክኒን ከወሰዱት 13.1 በመቶ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ደግሞ 11.2 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ከመቶ ሰው ሁለት ያህል ነው። በአንጻሩ አንጎል ውስጥ መድማት መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በመጠኑ በዝቶ ስለታየ፣ ስትሮኩ በመድማት የመጣ ሰው ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። የአባትዎ ግን በመዘጋት የመጣ ነው፤ ሁለተኛ ስትሮክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ከመጀመሪያው የተረፈውን አቅም በመሆኑ፣ በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው ይህችን ልዩነት እንደ ትንሽ አላያትም።

አሁን ወደ ቁርጥማቱ እንምጣ። አባትዎን ወንበር ላይ አስቀምጠው «የሚያምዎትን ቦታ በእጅዎ ያሳዩኝ» ይበሏቸው። በስታቲን ምክንያት የሚመጣ የጡንቻ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ግራና ቀኝ ሳይለይ ሁለቱንም ጭኖች፣ ሁለቱንም ባቶች ወይም ሁለቱንም ትከሻዎች ይይዛል፤ የሚጀምረውም በአመዛኙ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ ሳምንታትና ጥቂት ወራት ውስጥ ነው። እጃቸው የሚያርፈው በቀኝ ትከሻቸውና በቀኝ እግራቸው ላይ ብቻ ከሆነ ግን ስትሮኩ የተወው መገተርና የመገጣጠሚያ መድረቅ ይበልጥ ያጠራጥራል፤ ለዚህ ደግሞ መፍትሔው ፊዚዮቴራፒ እንጂ ክኒን ማቆም አይደለም። ድካሙም እንዲሁ ነው። ከስትሮክ ከተረፉት ግማሽ ያህሉ በዕረፍት የማይለቅ ድካም ይሰማቸዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ገደማም ድብርት ያገኘዋል፤ አረጋውያን ደግሞ ድብርታቸውን ብዙ ጊዜ «አቅም አጣሁ» ብለው ነው የሚገልጹት።

ስታቲን አልስማማን ብለው ያቆሙ 60 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ነበር። ተሳታፊዎቹ በየወሩ እየተቀያየረ አንድ ወር ስታቲን፣ ሌላ ወር ባዶ ክኒን፣ ሌላ ወር ደግሞ ምንም ሳይወስዱ ሲቆዩ፣ በስታቲኑ ወራት ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ በባዶው ክኒን ወራትም ተሰምቷቸዋል። ሕመሙ ውሸት አልነበረም፤ ክኒን መዋጡ ራሱና ከመዋጡ ጋር የሚመጣው ሥጋት የሚቀሰቅሰው ነበር።

የቀረው ግን በእርግጥ የመድኃኒቱ ነው፤ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ፣ ኩላሊታቸው በደከመ ወይም የታይሮይድ ሆርሞናቸው ባነሰ ሰዎች ላይ፣ እንደ ክላሪትሮማይሲን ያለ አንቲባዮቲክ ሲጨመርም እንዲሁ። ስለዚህ የአባትዎ ሐኪም የጡንቻ ኢንዛይምና የታይሮይድ ምርመራ እንዲያዝ ይጠይቁ። በእርግጥ መድኃኒቱ ሆኖ ከተገኘ መጠኑን መቀነስ፣ ሮሱቫስታቲን ወደተባለ ሌላ ስታቲን መቀየር ወይም አነስተኛ መጠን ላይ ኢዜቲሚብ የተባለ ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት መጨመር ይቻላል፤ 80 ሚሊግራም አልያም ምንም የሚባል ምርጫ የለም። ሽንታቸው እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ወይም ጡንቻቸው በድንገት ክፉኛ ከዛለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እንደ ሲምቫስታቲን ያሉት ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጡ ማታ ይታዘዛሉ፤ አቶርቫስታቲን ግን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ጠዋትም ማታም ይሆናል። ሌሎቹን ክኒኖች ጠዋት የሚወስዱ ከሆነ አብሮ ቢሆን ይቀላል። አንድ ቀን ቢያልፋቸው በማግስቱ የተለመደውን አንዱን ብቻ ይውሰዱ፤ ከትራሱ ሥር የተገኙትንም ለማካካስ ብለው እንዳይውጧቸው።