ስንት ሜትር ጀልባ ይበቃናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? የድሬ ልጅ ነኝ፣ ቤቴ ሳቢያን ነው። በሥራዬ ምክንያት በወር ሁለት ጊዜ ጅቡቲ እወርዳለሁ። እኔና ወንድሜ ገንዘብ አዋጥተን እዚያ ያገለገለ ባለ ካቢን የሞተር ጀልባ ልንገዛ ነው። ሐሳቤ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ሙሻ ደሴት አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ፣ አልፎ አልፎም ታጁራ መሻገር ነው። ወንድሜ «ከገዛን አይቀር የ12 ሜትሩን» ይላል። እኔን የ6 ሜትሩ ዋጋ ማርኮኛል። አንተ ምን ትለናለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተዋቸው። ከ8 እስከ 9 ሜትር ያለውን ፈልጉ።

አሁን ከዚራ ብቀመጥም 14 ዓመት የሠራሁት ጅቡቲ ነው፤ የጀልባ ሞተር ስጠግን። እዚያ እያለሁ አንድ ጓደኛዬ በ6 ሜትር ጀልባው ሙሻ ወሰደን። ልጁን ጨምሮ አምስት ነበርን። ሙሻ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ባሕሩ ለጥ ብሎ ስለነበር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ከሰዓት በኋላ የምሥራቁ ነፋስ ተነሣ። ስንመለስ ማዕበሉ ከጎን እየመታን ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ልጁ የእናቱን አንገት አንቆ ይዞ ወደብ እስክንደርስ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ጀልባ ላይ ውጣ ቢሉት እምቢ አለ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ጀልባው አልተበላሸም፣ ሞተሩም ደህና ነበር። ያነሰው ርዝመቱና ክብደቱ ነው።

የ12 ሜትሩስ? ከ8 ሜትሩ በአንድ ተኩል እጥፍ የሚበልጥ ይመስላል። ግን ርዝመቱ ሲጨምር ስፋቱም ቁመቱም አብሮ ያድጋል። ይዘቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሞተሩ፣ ናፍጣው፣ መልህቁ፣ ቀለሙ ሁሉ ያንን ተከትሎ ይከብዳል። ደግሞ አንተ ድሬ ነህ፣ ጀልባው ጅቡቲ። በሞቀ ባሕር ውስጥ የቆመ ጀልባ ሆዱን ቶሎ አልጌና ዛጎል ይይዘዋል። ከውሃ ወጥቶ መፋቅና መቀባት አለበት። ወደብ ስትገባ ነፋስ ቢገፋችሁስ? ገመዱን የምትይዘው ባለቤትህ ናት። የ8 ሜትሩን ጎትታ ታስጠጋለች፣ የ12 ሜትሩን አትችለውም። የማውቀው አንድ ሰው ያን የሚያህል ገዝቶ ነበር። ሦስት ጎልማሳ ካላገኘ ስለማይወጣ፣ ጀልባው ዓመቱን ሙሉ እንደታሰረ ይከርማል።

ሻጩ «ስድስት ሰው ያስተኛል» ካለህ የምግብ ጠረጴዛውንም አልጋ አድርጎ ቆጥሮ ነው። ለመሆኑ ድሬ በግንቦት ሙቀት ማን ቤት ውስጥ ይተኛል? እኛ ልጆች እያለን አልጋ ግቢ አውጥተን ነበር የምናድረው። ጀልባ ላይም እንደዚያው ነው። ካቢኑ ለዕቃ፣ ለመጸዳጃና ለልጆች ይሁን። አንተ ኋላ በኩል ያለውን ክፍት ቦታ ተመልከት። ሜትር ይዘህ ሂድ፤ ሁለት ፍራሽ ይዘረጋል ወይ? ከላይ የሸራ ጥላ አለው ወይ? የካቢኑ ጣሪያ መስኮትስ በደንብ ይከፈታል? አንድ ተጨማሪ አልጋ ካለው ይልቅ ጥሩ ጥላ ያለውን እመርጣለሁ።

አውሮፓ የተሠራ ከሆነ የተለጠፈበትን ትንሽ ሰሌዳ አንብብ። «ሲ» የሚለው ምድብ እስከ 2 ሜትር ማዕበል፣ «ቢ» የሚለው እስከ 4 ሜትር ነው። ለሙሻና ለታጁራ፣ ቀን መርጦ ለሚወጣ ሰው «ሲ» ይበቃል። የሚጭነው ሰው ብዛትም እዚያው ላይ አለ። ከዚያ ቁጥር አትለፍ።

ታጁራ በቀጥታ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል) ፍጥነት አንድ ሰዓት። 250 ፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር እስከ መጨረሻ ሲነዳ በሰዓት 50 ሊትር ያህል ይጠጣል። የድሮ መርከበኞች ነዳጅን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ስለዚህ ከ150 ሊትር ያነሰ ታንክ ያለውን አልፈው።

ክረምት ላይ፣ ከየብስ የሚነፍሰው ኻምሲን አሸዋ ይዞ በሚመጣበት ወቅት፣ ልጆቹን ይዘህ አትውጣ።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ጀልባውን ባሕር ላይ ሞክሩት። ሻጩ ጠዋት እንሂድ ይልሃል። እሺ አትበል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ነፋሱ ሲነሣ ውጡ። ባለቤትህም ትምጣ፣ መሪውን ለጥቂት ጊዜ እሷ ትያዝ። ወንድምህንም አስከትለው፤ ስትመለሱ ገመዱን እሱ ይጎትት።