ያ አረንጓዴ ጠርሙስ ዳጣ አይደለም

ይህን የምጽፈው አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ ወንድሞችና እህቶች ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሥራ ስትወጡ አቅማችሁ የሚፈቅደው ታኮ ወይም ቡሪቶ፣ ማለትም በቂጣ የሚጠቀለል የሜክሲኮዎች ምግብ፣ ይሆናል። ክፉ ምርጫ አይደለም። እኔ ከሃምበርገር ይልቅ ለኛ አፍ የሚቀርበው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ቂጣ አለው፣ ቦሎቄ አለው፣ የሚያቃጥል ነገር አለው። ችግር የሚመጣው "በሚጥሚጣ ያደግኩትን ሰው ቃሪያ ምን ያደርገኛል?" ሲባል ነው።

የአክስቴ ልጅ የመጣ ሰሞን፣ እዚህ ዴንቨር፣ መንገድ ዳር ከቆመች የሜክሲኮዎች የምግብ መኪና ወሰድኩት። መስኮቷ ላይ ሁለት ጠርሙስ ነበር፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ቀዩን "ይሄ በርበሬ ነው፣ ይቅርብኝ" አለ። አረንጓዴውን ግን እንደ ዳጣ ቆጥሮት ታኮው ላይ አፈሰሰው። ሁለተኛ ሲገምጥ ዝም አለ። ጆሮው ቀላ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ስቅታ ያዘው። ኮካውን አንስቶ ጨለጠው፤ ባሰበት። ሻጯ ሴትዮ ምንም ሳትናገር አንድ ኩባያ ወተት አቀበለችው። ጠርሙሱን አንስቼ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሃባኔሮ ይላል። ቀድሜ ባለመናገሬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቀለም አያታልላችሁ። ሃባኔሮ የሚባለው ቃሪያ ሲበስል ብርቱካንማ ወይም ቀይ ይሆናል፤ ሳይበስል ግን አረንጓዴ ነው፣ ያኔም ያቃጥላል። የቃሪያ ኃይል የሚለካው በስኮቪል ነው። ስሙ የመጣው በ1912 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ካወጣው አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ ከዊልበር ስኮቪል ነው። ሃላፒኞ ከ2,500 እስከ 8,000 ይደርሳል። ሴራኖ ከ10,000 በላይ ነው። ሃባኔሮ ከ100,000 ጀምሮ እስከ 350,000 ይሄዳል። ሌላውን ብትረሱ እነዚህን ሦስት የቃሪያ ስሞች ያዙ።

ደግሞ የኛ በርበሬ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አፍ ውስጥ አይገባም። ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ተቁላልቶ፣ ወጥ ሆኖ፣ በእንጀራ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። የእነሱ ሳልሳ፣ ማለትም ማባያቸው፣ ብዙ ጊዜ ጥሬ ነው፣ ወይም ኮምጣጤና ሎሚ አለበት። ምላስን ራቁቱን ነው የሚያገኘው። የለመደ አፍም የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ካቃጠላችሁ ውሃና ለስላሳ ተዉት። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ነገር ነው፤ ውሃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም፣ ቅባት ግን ያሟሟዋል። ወተት፣ እርጎ፣ ሳወር ክሬም ይረዳል። ጾም ከሆነ ዋካሞሌ፣ ማለትም የተፈጨ አቮካዶ፣ ከቂጣ ጋር ብሉ።

በየመንገዱ የምታዩዋቸው ትልልቆቹ ፋስት ፉዶች ግን ያን ያህል አያስፈሩም። ታኮ ቤል በትንንሽ ፓኬት የሚሰጣቸው ሶሶች ማይልድ፣ ሆት፣ ፋየርና ዲያብሎ ይባላሉ። እሳትና ሰይጣን የሚሉ ስሞች ናቸው፤ ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ግን ቀላል ናቸው። በ1993 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዴንቨር በተጀመረው ቺፖትሌ ለስለስ ያለው የቲማቲሙ ሳልሳ ነው፣ ቀዩ ያቃጥላል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ሳልሳ አለመጨመር ብቻውን አይበቃም። አብዛኛው ሥጋ ራሱ በቃሪያ የተዘፈዘፈ ነውና መጀመሪያ እናንተ ቅመሱት።

እንግሊዝኛው "ሆት" ያምታታል፤ ትኩስም የሚያቃጥልም ማለት ነው። በሜክሲኮዎቹ ቤት "ፒካ ሙቾ?" በሉ። በጣም ያቃጥላል ወይ ማለት ነው። ፊታቸው ሲፈካ ታያላችሁ።

ከማቃጠሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ረቡዕና ዓርብ "ቦሎቄና ሩዝ ነው፣ ጾም ነው" ብሎ ይበላል። በብዙ የሜክሲኮ ምግብ ቤቶች የተፈጨው ቦሎቄ የሚሠራው በአሳማ ስብ ነው። ሩዙም በዶሮ መረቅ ሊበስል ይችላል። ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ "ማንቴካ አለው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንቴካ ስቡ ነው። ካርኒታስ፣ ቾሪዞና አል ፓስቶር የሚሉትም አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ናቸው። መጠየቅ ነውር አይደለም። የታኮ ቤልና የቺፖትሌ ቦሎቄ ሥጋና የእንስሳ ስብ የለበትም፤ አይብና ክሬሙን አስቀሩ።

የሜክሲኮ ሱቆችን ግን ውደዷቸው። በርበሬ ራሱ መነሻው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ኮሎምበስ እዚያ ከደረሰበት ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት እኛ አገር አልነበረም። እኔ ለበዓል ስንግ የምሠራው በሃላፒኞ ነው። ኃይሉ ያለው ፍሬው የተያያዘበት ነጩ ሥጋ ላይ ነው፤ እሱን በማንኪያ ፋቁት። ጓንት አድርጉ። ጓንት ከሌለ እጃችሁን መጀመሪያ በዘይት እሹት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ፤ እስከዚያ ሕፃን አታቅፉ፣ ዓይናችሁንም አትንኩ።

ከአገር የመጣው በርበሬ ሲያልቅ ደግሞ ዋሂዮ የሚባለውን ደረቅ ቀይ ቃሪያ ግዙ። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ብዙም አያቃጥልም። ኃይል እንዲኖረው ቺሌ ዴ አርቦል የምትባለዋን ቀጭኗን ጥቂት ጨምሩበት። ፍሬውን አራግፉ፣ ጭስ ሳያወጣ በስሱ አምሱት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር አዋህዳችሁ አድርቁትና አስፈጩት። መጀመሪያ ግማሽ ኪሎ ብቻ ሞክሩ። ኮረሪማውንና ነጭ አዝሙዱን ግን ከአገር የሚመጣ ሰው ይያዝላችሁ።