ሰርተፍኬቱ ይቆይ፤ የሞጆውን ሥራ ያዢ

ውድ እህቴ፣

ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ደብዳቤሽን ባጭሩ ላስታውስ። ዘንድሮ በኬሚስትሪ ተመርቀሻል። ሞጆ ያለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ በፍሳሽ ማጣሪያው ላቦራቶሪ በፈረቃ እንድትሠሪ በ9 ሺህ ብር ጠርቶሻል። ቨርጂኒያ ያለው አጎትሽ ደግሞ የአይኤስኦ 14001 (ድርጅቶች በአካባቢ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት የሚቆጣጠሩበት ዓለም አቀፍ መስፈርት) ዋና ኦዲተር የሚባለውን የአምስት ቀን ሥልጠና ሊከፍልልሽና በቀጥታ አማካሪ ድርጅት እንድትገቢ ይፈልጋል። አባትሽ ሁለቱንም አልወደዱትም፤ «ባንክ ግቢ፣ ያስተማርኩሽ ቆዳ ቆዳ እንድትሸቺ አይደለም» ብለዋል። የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፦ የአካባቢ ኦዲተር ለመሆን የትኛው መንገድ ያጥራል?

ሞጆ። ያውም በሩቁ።

ሥልጠናውን አላጣጥልም። 40 ሰዓት ገደማ ነው፤ የመስፈርቱን አንቀጾች ያስተምራል፤ ማብቂያው ላይ ፈተና አለው። ነገር ግን ወረቀቱ የሚመሰክረው ሥልጠናውን መጨረስሽን ብቻ ነው። ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅቶች ኦዲተር ሲፈልጉ ከዚያ ወረቀት ጋር የሥራ ልምድና በሌላ ኦዲተር ሥር የሠራሻቸውን የኦዲት ቀናት ዝርዝር ይጠይቁሻል። ባዶ ዝርዝር ይዛ አማካሪ ድርጅት የገባች ልጅ የሚሰጣት ሥራ የታወቀ ነው፦ ከሌላ ፋብሪካ የተገለበጠ የአካባቢ ፖሊሲ ላይ የድርጅቱን ስም መቀየር። እንዲህ ያለ ሰነድ በየመደርደሪያው ሞልቷል፤ አንድ አንቺ ብትጨመሪበት የሞጆ ወንዝ የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ኦዲት ፋይል ማገላበጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሥራው ፋይሉና ቧንቧው አንድ ነገር መናገራቸውን ማየት ነው። ቧንቧውን የማታውቅ ኦዲተር ፋይሉን ከማመን ሌላ ምርጫ የላትም።

ቆዳ በሚለፋበት ኬሚካል፣ በክሮም ልጀምርልሽ። አንድ ቶን ፀጉሩ የተነሳለት ቆዳ በተለመደው አሠራር ሲለፋ 80 ኪሎ ያህል ክሮም ሰልፌት ይገባበታል። ቆዳው ከገባው ክሮም የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው፤ ስለዚህ ከ24 እስከ 32 ኪሎ የሚሆነው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። እንግዲህ የግዥ ደረሰኙን፣ የወሩን የቆዳ ክብደትና ከማጣሪያው የወጣውን የክሮም ዝቃጭ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ክሮም በቶን እየተገዛ ዝቃጩ በባልዲ የሚለካ ከሆነ፣ የላቦራቶሪው ውጤት ምንም ያህል ቢያምር ክሮሙ የሆነ ቦታ ሄዷል። ውኃውም እንዲሁ ነው። በመግቢያው ቆጣሪ 600 ሜትር ኩብ ገብቶ በመውጫው 380 ከተመዘገበ የ220ውን መድረሻ ጠይቂ። ከቦይለርና ከማድረቂያው የሚተነው ይህን ሁሉ አይሸፍንም። ወይ የመውጫው ቆጣሪ ተበላሽቷል፣ ወይ ማጣሪያውን የሚያልፍ ሌላ ቱቦ አለ።

ይህን ስሌት የአምስት ቀኑ ሥልጠና ውስጥ አታገኚውም። ቀጥሎ የምነግርሽን ግን ሳታውቂ ጉድጓድ አጠገብ እንዳትቆሚ። ፀጉር ከማንሻው በርሜል የሚወጣው ፍሳሽ ኖራና ሰልፋይድ ያለበት ነው፤ የክሮሙ ፍሳሽ ደግሞ አሲድ ነው። ሁለቱ ሳይታከሙ አንድ ቦታ ከተገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ሰው ይገድላል። መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ይደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ያኔ ነው «አለፈ» ብሎ ሰው የሚወርደው። መስመሮቹ የሚለያዩት ለዚህ ነው፦ ሰልፋይዱ በማንጋኒዝ ሰልፌትና በአየር ይታከማል፤ ክሮሙ ለብቻው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 8 ከፍ ብሎ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ የሚቀላቀሉት ከዚያ በኋላ ነው። በሥዕሉ ላይ ሁለት መስመር ኖሮ መሬት ላይ አንድ ቦይ ካየሽ፣ ኦዲቱ እዚያው ላይ ነው።

ናሙናም ያታልላል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንድ ጠርሙስ ተቀድቶ «የፋብሪካው ፍሳሽ» ይባላል፤ በርሜሎቹ የሚደፉት ግን ሌሊት ነው። በየሰዓቱ ተቀድቶ ለ24 ሰዓት የተጠራቀመ ናሙና ጠይቂ። የቢኦዲ (ባክቴሪያዎች በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲበሉ የሚፈጁት የኦክስጅን መጠን) ናሙና በ4 ዲግሪ ቀዝቅዞ በ48 ሰዓት ውስጥ ምርመራው መጀመር አለበት። ዓርብ ከሰዓት ተቀድቶ ቅዳሜና እሁድን መኪና ውስጥ አሳልፎ ሰኞ አዲስ አበባ የደረሰ ጠርሙስ የሚሰጥሽ ቁጥር ከንቱ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ መንገድ ላይ ምሳቸውን በልተዋል። ምርመራው አምስት ቀን ስለሚፈጅ ደግሞ ላቦራቶሪው እሁድ ዝግ ከሆነ ማክሰኞ አታስጀምሪ። ፒኤቹ ለሦስት ወር በየቀኑ 7.5 የሆነ፣ በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ መዝገብ ካጋጠመሽ መለኪያው ፒኤቹ በታወቀ መፍትሔ የተስተካከለበትን ቀን ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ጄነሬተሩ ምርቱን ብቻ እንጂ የማጣሪያውን አየር ማስገቢያ የማያንቀሳቅስበት ፋብሪካ ብዙ ነው። በማጣሪያው ኩሬ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ ካልቆየ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ይታፈናሉ፤ ከሞቱ በኋላ እንደገና ለማልማት ሳምንታት ይወስዳል። የመስፈርቱ አንቀጽ 8.2 ስለ ድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት የሚለውን ሰዎች በእሳት ማጥፊያ ብቻ ይተረጉሙታል። በእኔ እይታ እዚያ ፋብሪካ የመጀመሪያው ድንገተኛ አደጋ የመብራት መጥፋት ነው።

እነዚህን ሁሉ የምታውቂው ፈረቃ ላይ ቆመሽ ነው። ከማጣሪያ ጣቢያ የተነሳ ሰው ምክር እንደሆነ ከአነጋገሬ ሳይገባሽ አይቀርም፤ እሱንም ቀንሰሽ አድምጪኝ።

አባትሽን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ለእሳቸው ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ተሳስተዋል። ሽታው በሻወር ይለቃል። ባንክ ቤት መስኮት ላይ አምስት ዓመት ገንዘብ ስትቆጥሪ የሚለቅሽ ግን ኬሚስትሪው ነው። ባንክ ያጓጓቸው ከሆነ ይህንን ንገሪያቸው፦ ከውጭ የልማት አበዳሪዎች ገንዘብ የሚወስዱ ባንኮች የሚያበድሩትን ፋብሪካ የሚመረምር የአካባቢና ማኅበራዊ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ያ ወንበር የሚገኘው በሞጆ በኩል ነው።

9 ሺህ ብር ትንሽ ነው፤ የቤት ኪራይ ሲወጣበት ይጨንቃል። አጎትሽ ከልቡ ሊረዳሽ ከፈለገ የሥልጠናውን ገንዘብ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ኪራይ ያድርገው፤ ቅር እንዳይለው ሥልጠናውን እንዳልሰረዝሽው፣ ለሁለት ዓመት እንዳቆየሽው አስረጂው። ማስተርሱ ይቆይ። እንግሊዝኛሽ በደብዳቤሽ ካየሁት ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት የፋብሪካው የውስጥ ኦዲት ቡድን ውስጥ እንዲያስገቡሽ ጠይቂ። የሁለት ቀን ሥልጠና ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የራስሽን ላቦራቶሪ ኦዲት ማድረግ ግን አትችዪም፤ መጋዘኑን ወይም ቦይለሩን ውሰጂ። ችግር ስታገኚ ምክንያቱን «ሠራተኛው አልተጠነቀቀም»፣ መፍትሔውን «ተመክሯል» ብለሽ አትዝጊ፤ ያ ችግር በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቦታ ይጠብቅሻል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አንብቢና እያንዳንዱ ግዴታ በፋብሪካው ውስጥ ማንን እንደሚመለከት፣ ምን እንደሚለካ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚለካ በሰንጠረዥ ጻፊ። ብዙ ድርጅቶች የሕግ ዝርዝር ብለው የሚያሳዩት የአዋጆችን ስም ብቻ ነው፤ ያንቺ ከዚያ ከበለጠ ሥራ አስኪያጁ ስምሽን ይይዛል። ኦዲት ያደረግሽበትን ቀን፣ ክፍልና ግኝት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ በደብተር ያዢ፤ ኋላ የሚጠየቀው ዝርዝር እሱ ነው።

ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የሌሊት ፈረቃ ሲያበቃ ሰርቪስ አለ ወይ፣ ጉድጓድ ለሚወርድ ሰው የጋዝ መለኪያ አለ ወይ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ከገደብ በላይ ሲሆን የምትነግሪው ለማን ነው። ሁለተኛውን «የለም» ካሉሽ ሥራውን ያዢ፣ መለኪያው እስኪገዛ ግን ጉድጓድ አልወርድም ብለሽ በጽሑፍ አስገቢ። ለሦስተኛው «ለምርት ኃላፊው» ካሉሽ፣ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ግልባጭ እንዲደርሰው በሥራ ዝርዝርሽ ላይ አስጽፊ።